ከመናኸሪያ የሚጀምር ኩርባ

ከአላማጣ ተነስቶ ሰቆጣ ለመግባት ያሰበ የጭነት መኪና መጀመሪያ የሚፈተነው ግራካሱ ላይ ነው። ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን የሠሩት ይህ ጠመዝማዛ ዳገት 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው አላማጣ አንስቶ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ወደተቀመጠችው ኮረም ያደርሳል። ከኮረም ወደ ምዕራብ ሲታጠፉ የዋግ ተራሮች ይጀምራሉ። ሰቆጣ ራሷ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከእሷ ወደ አበርገሌና ወደ ዝቋላ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ወደ ተከዜ ሸለቆ እንደገና ቁልቁል ይወርዳል። በዚህ አገር ሜዳ ላይ መንዳት ማለት በሁለት ተራራ መካከል ያለች አጭር እረፍት ናት።

በእንዲህ ያለ መንገድ አንድ መኪና ከኩርባ ሲወጣ ወይም ሲገለበጥ የሚጠየቀው ጥያቄ ዘወትር አንድ ነው። ጥፋቱ የመኪናው ነው ወይስ የሾፌሩ? መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ይሰጣል፤ በአገራችን የትራፊክ አደጋ መዝገቦች ላይ በብዛት የሚሰፍረው ምክንያት የአሽከርካሪ ስህተት ነው። ይህ ዳሰሳ ያንን መልስ ቆም ብሎ ይመረምራል። ምርመራውን የሚጀምረው ብዙ ሰው ከማይጠብቀው ቦታ፣ ከውድድር መኪና ሲሙሌተሮች ነው፤ ምክንያቱም የመኪና አዘገጃጀትና የአነዳድ ስልት በአንድ ኩርባ ላይ ምን ምን እንደሚሠሩ ለያይቶ ማየት የሚቻለው እዚያ ነው።

ሲሙሌተሩ ምን ለየ?

የውድድር ሲሙሌተር የእያንዳንዱን ጎማ ጉልበት፣ የሞላውን መጨመቅና የመኪናውን ማዘንበል በሰከንድ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ እያሰላ መኪናውን የሚያንቀሳቅስ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ሪቻርድ በርንስ ራሊ የጠጠር መንገድን፣ በ2008 የተጀመረው አይሬሲንግና በ2014 የወጣው የጣሊያኖቹ አሴቶ ኮርሳ የአስፋልት ውድድርን፣ በ2012 የወጣው ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 ደግሞ የከባድ መኪናን ሥራ ለተራ ሰው ቤት አስገቡ። ከጀርባቸው የዓመታት የጎማ ሳይንስ አለ። ሆላንዳዊው ሐንስ ፓሴይካና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ ያወጡት የጎማ ቀመር እስከ ዛሬ የብዙ ሲሙሌተሮችና የመኪና ፋብሪካዎች ስሌት መነሻ ነው።

ፕሮግራሞቹ ተራ ጨዋታ ብቻ አለመሆናቸውን የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። እንግሊዛዊው ያን ማርደንቦሮ በፕሌይስቴሽን ግራን ቱሪስሞ ላይ በተደረገ ምርጫ እ.ኤ.አ. በ2011 አሸንፎ እውነተኛ መኪና ላይ ተቀመጠ፤ በ2013 በፈረንሳይ የለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ላይ ተሰለፈ። ስክሪን ፊት የተማረው ነገር መንገድ ላይም ሠርቶለታል ማለት ነው።

የሲሙሌተር ትልቁ ጥቅም አንዱን ነገር ብቻ ቀይሮ ያንኑ ኩርባ መድገም ማስቻሉ ነው። የኋላውን ሞላ አጠንክሮ፣ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትቶ፣ በዚያው ፍጥነት መግባት ይቻላል። ቀጥሎ መኪናውን ሳይነኩ አነዳዱን ብቻ መቀየር ይቻላል። እውነተኛ ገደል ጫፍ ላይ ይህን የሚሞክር የለም። ከዚህ ድግግሞሽ የወጣው ትምህርት በአጭሩ ሲቀመጥ እንዲህ ነው፤ የመኪናው አዘገጃጀት የአቅሙ ጫፍ የት እንደሆነና ጫፉ ላይ ሲደርስ ፊቱ እንደሚሸሽ ወይስ ኋላው እንደሚሸሽ ይወስናል። አነዳዱ ደግሞ ወደዚያ ጫፍ ምን ያህል እንደሚጠጉና እዚያ ሲደርሱ ለመመለስ ጊዜ ይኖር እንደሆነ ይወስናል።

ሁለቱ የመሸሽ ዓይነቶች ለማንኛውም ሾፌር የታወቁ ናቸው። አንዱ መሪው ተጠምዝዞም መኪናው አልታጠፍ ብሎ በፊቱ ወደ ውጭ ሲሄድ ነው። ሌላው ኋላው ወጥቶ መኪናው በራሱ ላይ ለመዞር ሲቃጣ ነው። የመጀመሪያውን እግር ከነዳጅ ላይ ቀስ ብሎ በማንሳት ብዙ ጊዜ ማረም ይቻላል። ሁለተኛው ፈጣን እጅ ይጠይቃል፤ ለዚህም ነው የመንገድ መኪና የሚሠሩ ፋብሪካዎች ሆን ብለው መኪናቸውን ወደ መጀመሪያው ጠባይ የሚያዘነብሉት። እኛ ጋ ያለው ችግር ፋብሪካው አስቦ ያስቀመጠው ይህ ጠባይ ሰቆጣ እስኪደርስ ድረስ በብዙ እጅ መለወጡ ነው።

ጎማ፤ የሁሉ መነሻ

አንድ ጎማ መሬት የሚነካው ከእጅ መዳፍ ብዙም በማይሰፋ ቦታ ነው። መታጠፍም፣ መቆምም፣ መፍጠንም የሚያልፉት በዚያች ቦታ ነው፤ ለፍሬን የዋለው አቅም ለመታጠፍ አይተርፍም። ደረቅ አስፋልት ላይ አንድ ጎማ ከተሸከመው ክብደት 80 በመቶ የሚጠጋ ጉልበት መያዝ ይችላል፤ ጠጠር ላይ ይህ ወደ ግማሽ አካባቢ ይወርዳል፤ ክረምት ላይ የረጠበ ጭቃ ላይ ደግሞ ከዚያም በታች ይሆናል።

የከፍታ ለውጥ የጎማውን ንፋስ ያዛባል ብለው የሚጨነቁ አሉ። ስሌቱ ሲሠራ ግን ጭንቀቱ ይቀላል። ከአላማጣ ኮረም ሲወጣ የውጪው አየር ስለሚሳሳ በመለኪያ የሚነበበው ንፋስ ወደ አንድ ተኩል ፒኤስአይ ይጨምራል፤ አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ደግሞ ከ1 እስከ 2 ፒኤስአይ ይቀንሳል። ሁለቱ ይጣፋሉ ማለት ይቻላል። ቁም ነገሩ ያለው ጎሚስታው ጋ ሲነሳ በተሞላው መጠንና ጎማው በተሸከመው ጭነት መካከል ያለው ልዩነት ላይ ነው። ከሚገባው በላይ የተነፋ ጎማ ጠጠር ላይ ይዘላል፤ ሲዘል ደግሞ አይይዝም። ባዶውን የሚሄድ ላንድክሩዘር ጠጠር ላይ ንፋሱን ትንሽ ቢያስቀንስ መያዣው ይጨምርለታል። ጭነት የያዘ መኪና ግን ይህን ማድረግ የለበትም፤ ንፋሱ ያነሰ ጎማ በክብደት ሲታሽ ከውስጡ ይግላል፣ መጨረሻውም መፈንዳት ነው።

ሲሙሌተር የሚነዱ ሰዎች ከሁሉ በፊት የሚያስተካክሉት የጎማ ንፋስን ነው። እኛም ጋ ከሁሉ ርካሹ ማስተካከያ እሱ ነው። የሁሉንም ጎማ ንፋስ በመለኪያ አይቶ፣ ከፊትና ከኋላ የተገጠሙት በጥርስ ቁመት እንዳይበላለጡ አድርጎ መነሳት ብዙ ብር የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። የኋላው ጥርስ ያለቀ፣ የፊቱ አዲስ የሆነ መኪና ዝናብ ላይ ኋላው ቀድሞ ይወጣል፤ ይህን ባሕርይ የሰጠው የጎማ አቀያየሩ ነው።

ባሌስትራና ጭነት

ወደ ሰቆጣ የሚመላለሱ የጭነት መኪኖች አብዛኞቹ በሰሜኑ መንገድ ሁሉ የሚታወቁት አይሱዙዎች ናቸው። ብዙ ባለንብረቶች መኪናው እጅ ከገባ በኋላ መጀመሪያ የሚያደርጉት ኋላ ላይ ባሌስትራ፣ ማለትም ተደራራቢ የብረት ሞላ፣ ማስጨመር ነው። ምክንያቱ ይገባል፤ ጭነት ሲበዛ ኋላው እንዳይወድቅ ነው። ሲሙሌተሮች ግን ይህ ሥራ ሌላ ነገር አብሮ እንደሚያመጣ ያሳያሉ። ኋላው ሲጠነክር ኩርባ ላይ ከውስጠኛው ወደ ውጪኛው ጎማ የሚዛወረው ክብደት ይበልጡን በኋላው በኩል ይሄዳል፤ የኋላዎቹ ጎማዎችም ከፊቶቹ ቀድመው አቅማቸው ያልቃል። ጭነት ሲኖር ይህ ላይታወቅ ይችላል። ያው መኪና ዕቃውን ሰቆጣ አራግፎ ባዶውን ጠጠር ላይ ሲመለስ ግን ደረቅ ባሌስትራው ኋላውን እያዘለለ ያወጣዋል። አንድ ሾፌር በአንድ ጉዞ ሁለት የተለያየ ጠባይ ያላቸው መኪኖችን ነድቶ ይመለሳል ማለት ነው፤ ሲሄድ ፊቱ የቀለለና አልታጠፍ የሚል፣ ሲመለስ ኋላው የሚሸሽ።

ከዚህም የረቀቀ ነገር አለ። እንደ ሃይሉክስና ሃያስ ባሉ ብዙ መኪኖች ኋላ አክስል ላይ የተንጠለጠለች አንዲት ዘንግ አለች፤ ኋላው ምን ያህል እንደወረደ እየለካች ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት የምትመጥን ናት። መኪናው ተጭኖ ኋላው ሲወርድ ብዙ ፍሬን ትለቃለች፤ ባዶ ሆኖ ከፍ ሲል ትቀንሳለች። ባሌስትራ ተጨምሮ ኋላው ከፍ ሲል ዘንጓ ካልተስተካከለች መኪናው ሙሉ ጭነት ይዞም ባዶ ይመስላታል፤ የኋላ ፍሬኑንም ትቀንሳለች። የቀረውን ሁሉ የፊት ፍሬን ይሸከማል፣ ይግላል፣ ይደክማል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ያለው ሾፌር የችግሩ መነሻ ከወራት በፊት ጋራዥ ውስጥ እንደተፈጠረ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጭነቱ ቁመት ነው። እዚህ ላይ ቁጥሩን ቀርቦ ማየት ይጠቅማል። ራዲየሱ 20 ሜትር የሆነ ጠባብ ኩርባ እንውሰድ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የገባ መኪና ላይ ወደ ውጭ የሚገፋው ጉልበት የክብደቱን 35 በመቶ ያህል ነው። ፍጥነቱ 40 ሲሆን ጉልበቱ 63 በመቶ ይደርሳል፤ ፍጥነት በ10 ሲጨምር ግፊቱ ከሦስት አራተኛ በላይ ይጨምራል። አሁን በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መካከል 1.65 ሜትር ስፋት ያለው፣ እስከ አፉ ተጭኖ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 1.6 ሜትር ላይ የዋለ መኪና እናስብ። ይህ መኪና ወደ ጎን የሚገፋው ጉልበት የክብደቱን 52 በመቶ ሲደርስ ይገለበጣል። ደረቅ አስፋልት ላይ ጎማዎቹ ከዚያ በላይ ስለሚይዙ ሳይንሸራተት በቀጥታ ይገለበጣል፤ ሾፌሩ የመንሸራተት ማስጠንቀቂያ አያገኝም። ያንኑ ክብደት ዝቅ አድርጎ ማዕከሉን 1.2 ሜትር ላይ ማዋል ቢቻል መገልበጫው ወደ 69 በመቶ ይወጣል፤ ያው ስህተት፣ ያው 40 ኪሎ ሜትር፣ ያው ኩርባ፣ በዚህ ስሌት ሳይገለበጥ ያልፋል። የሞላው መተጣጠፍ እነዚህን ቁጥሮች ዝቅ ያደርጋቸዋል፤ ዝቅ ብሎ የተጫነው መኪና የበለጠ መቻሉን ግን አይለውጠውም።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሲሚንቶውና የጤፍ ኩንታሉ ከታች፣ ፍራሹና ባዶ ጀሪካኑ ከላይ መሆኑ ነው። ወይም ተገልብጦ መሆኑ ነው። መጀመሪያ የሚወርደው ዕቃ ከላይ ይሁን ሲባል፣ ከባዱ ዕቃ ዘግይቶ መጥቶ የተገኘው ቦታ ላይ ሲወረወር፣ በመጨረሻም ከሁሉ በላይ ሰው ሲጫን፣ የመኪናው ማዕከል በእያንዳንዱ ውሳኔ ከፍ ይላል።

ሕይወት ያለው ጭነት የራሱ ፈተና አለው። አበርገሌ በፍየል ዝርያዋ የታወቀች አካባቢ ናት፤ ከቆላው ወደ ገበያ የሚወጡ ፍየሎችና በጎች ሳይከፋፈሉ አንድ ላይ ከተጫኑ መኪናው ሲታጠፍ ወደ ውጭው በኩል ተጠጋግተው ይገፋሉ፤ ክብደቱም በጣም በሚያስፈልግበት ቅጽበት ወደማይፈለግበት ጎን ይዛወራል። ግማሽ ድረስ ብቻ የተሞላ የውሃ ወይም የነዳጅ ቦቴም እንዲሁ ነው። የእንስሳ ማመላለሻውን በእንጨት መከፋፈል፣ ቦቴን በውስጥ ግድግዳ መለያየት፣ ሲሙሌተር ላይ ሞላ እንደማስተካከል ያለ የአዘገጃጀት ሥራ ነው።

ፍሬንና ቁልቁለት

አጠቃላይ ክብደቱ 8 ቶን የሆነ አይሱዙ ከኮረም አላማጣ ሲወርድ በ1,000 ሜትር ቁልቁለት የሚለቀው ኃይል 230 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ኃይል የተወሰነው በጎማው መታሸትና በአየሩ ይበላል፤ የቀረው ወይ ወደ ሞተሩ ወይ ወደ ፍሬኑ መሄድ አለበት፤ ሦስተኛ መንገድ የለም። ሾፌሩ የሚመርጠው የትኛው ድርሻ የት እንደሚሄድ ነው።

ነባር ሾፌሮች ለጀማሪ የሚነግሩት ደንብ የታወቀ ነው፤ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ይህ ደንብ ሲሙሌተሮቹ በቁጥር ከሚያሳዩት ጋር አንድ ነው። ከባድ ማርሽ ሲያዝ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዛል፤ አይሱዙዎች ላይ የሚገኘው በጭስ ማውጫው የሚሠራው የሞተር ፍሬንም ይህን ያግዛል፤ የእግር ፍሬኑ ለኩርባው መግቢያ ብቻ ተቆጥቦ ይቆያል። በቀላል ማርሽ እየወረደ ፍሬኑ ላይ እግሩን ያሳረፈ ሾፌር ግን ሸራውንና ታምቡሩን እያጋለ ይሄዳል። ሸራው ሲግል መያዝ ያቆማል፤ ግለቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ሲሻገር ዘይቱ ይፈላና ፔዳሉ ወለል ይነካል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች እንዳይፈላ ደንቡ ይጠይቃል። እርጥበት ከመጠጠ በኋላ ግን ዝቅተኛው ወሰን 140 ዲግሪ ነው። ለዓመታት ያልተቀየረ ዘይት ይዞ ግራካሱን መውረድ ማለት ከፍሬን ዘይቱ ሙቀት የመቻል አቅም ሲሶ ያህሉን ቤት ጥሎ መምጣት ነው።

ነዳጅ ለመቆጠብ ፎሌ ለቆ፣ አንዳንዴም ሞተር አጥፍቶ መውረድ ከሁሉ የከፋው ልማድ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ የሞተሩ ማገዣ ብቻ አይቀርም፤ የመሪው እገዛም ይጠፋል፤ በአየር ክፍተት የሚታገዘው ፍሬንም ሁለት ሦስቴ ከተረገጠ በኋላ ይደርቃል። በደጋ ላይ ይህ የፍሬን እገዛ ቀድሞውንም የሳሳ ነው። እገዛው የሚመጣው ከውጪው አየር ግፊት ስለሆነና ሰቆጣ ላይ ያ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከሦስት አራተኛ ትንሽ ብቻ ስለሚበልጥ፣ ያንኑ ያህል ለመቆም እግር ጠንከር ብሎ መርገጥ አለበት። በንፋስ የሚሠራ ፍሬን ያላቸው እንደ ሲኖትራክ ያሉ ከባድ መኪኖች ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይሻሉ፤ ፍሬኑን በተከታታይ የሚረግጥ ሾፌር የተጠራቀመውን ንፋስ መጭመቂያው ከሚሞላው ቀድሞ ይጨርሰዋል።

አነዳዱ

አነዳድ ላይ ሲሙሌተሩ የሚያስተምረው ዋናው ነገር የክብደት መዛወር ነው። ፍሬን ሲረገጥ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፤ ነዳጅ ሲሰጥ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ መሪ ሲዞር ወደ ውጪ ያዘነብላል። ሦስቱም ጊዜ ይወስዳሉ። የጥሩ ነጂ ጥበብ ክብደቱ እስኪሰፍር መጠበቅና ሁለቱን በአንድ ጊዜ አለማዘዝ ነው። ፍሬኑ ከኩርባው በፊት፣ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ያልቃል፤ ማርሹ ከመታጠፍ በፊት ይገባል፤ መኪናው ኩርባ ውስጥ ሳለ እግር ነዳጁን በእኩል ይይዛል። ኩርባው መሃል ላይ ደንግጦ ነዳጁን በአንዴ የሚለቅ ሾፌር ክብደቱን ከኋላ ያነሳዋል፤ በተለይ ባዶ መኪና ከሆነ ኋላው ይወጣል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው «መኪናው ከዳኝ» ይላል። መኪናው የታዘዘውን አድርጓል፤ ትእዛዙ ግን ተጋጭቷል።

ከፍታው ራሱ አነዳዱን ይቀርጸዋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የእርዳታ ድርጅቶች ላንድክሩዘሮች ላይ በብዛት የሚገኘው 4.2 ሊትሩ ዋን ኤች ዜድ ናፍጣ ሞተር ቱርቦ የለውም፤ ሰቆጣ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ጉልበት የጠፋበት ሾፌር ዳገት ላይ ያገኘውን ፍጥነት ማባከን አይፈልግም፤ ስለዚህ ኩርባ ሲመጣ ፍሬን ከመያዝ ይልቅ እንደፈጠነ መግባትን ይለምዳል። ይህ ልማድ ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ ከሞተሩ ድክመት የመጣ ነው። መፍትሔውም ተግሣጽ አይሆንም። ቀድሞ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩን በሚጎትትበት ዙር ላይ ማቆየት የሚያስችል ሥልጠና ነው።

አንድ ነገር ግን ከሲሙሌተር ወደ ዋግ መንገድ በፍጹም መሻገር የለበትም፤ የውድድር መስመር። ውድድር ላይ ኩርባውን ለማስፋት ከውጭ ገብቶ፣ ውስጡን ነክቶ፣ ወደ ውጭ መውጣት ነው ደንቡ፤ መንገዱ ሁሉ የአንድ ሰው ነውና። ከፊት የሚመጣው በማይታይበት የተራራ ኩርባ ላይ ይህ መስመር ከሚመጣው አይሱዙ ጋር ፊት ለፊት ያጋጥማል። እዚህ ትክክለኛው መስመር የራስን ጎን መያዝ፣ ጥሩንባ መንፋትና በሚታየው ርቀት ግማሽ ውስጥ መቆም የሚያስችል ፍጥነት ይዞ መግባት ነው፤ በጠባብ መንገድ ላይ ሁለት መኪኖች እኩል ለመቆም ቦታ ሊበቃቸው ይገባል።

ሲሙሌተሩ የማይነግረን

ሲሙሌተር የራሱ ድንበር አለው። ወደ ፊት የሚዛወረውን ክብደትና የጎን ግፊቱን ወደ ወገብና ወደ ሆድ ዕቃ አያደርስም፤ ልምድ ያለው ሾፌር ግን ከዓይኑ ይልቅ በመቀመጫው ነው የሚነዳው። ድካምን አይቆጥርም፤ ሌሊት ተነስቶ ሲጭን ያደረ ሾፌር ኩርባ ላይ የሚያጠፋው ግማሽ ሰከንድ በፕሮግራሙ ውስጥ የለም። መንገድ ላይ የሚሻገሩ ፍየሎችን፣ ዝናብ ያራገፈውን ድንጋይ፣ ክረምት የበላውን የመንገድ ዳር አያሳይም። ከሁሉ በላይ እርጅናን አያውቅም። ሲሙሌተር ላይ ያለ መኪና ሾክ አብዞርበሩ አያረጅም፤ የመሪው መገጣጠሚያ አይላላም። ኮረኮንች ላይ በሚውሉ መኪኖች ግን ሾኩ ከሁሉ ቀድሞ ነው የሚሞተው፤ ሾክ የሌለው ጎማ በእያንዳንዱ ሞገድ ከመሬት ይነሳል፤ ሲነሳ ደግሞ ፍሬንም መሪም የለውም።

የራሊ ዓለም ይህን በሚገባ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ዓለም ራሊ ሻምፒዮና የተመለሰው የኬንያው ሳፋሪ ራሊ ላይ የተሰለፉ ቡድኖች መኪናቸውን ከሌላው አገር ራሊ ከፍ አድርገው፣ ጠንከር ያለ ሾክ ገጥመው፣ ውሃ ለመሻገር የአየር መሳቢያውን ወደ ላይ አውጥተው ይመጣሉ። ከ2021 እስከ 2024 በተከታታይ ያሸነፉት የቶዮታ ነጂዎች ናቸው። እዚያ ያለው አንድ ልማድ ልብ ሊባል ይገባል፤ ነጂው በየዕለቱ ለመካኒኮቹ መኪናው ምን እንዳደረገ ይነግራል፣ እነሱም በነገረው መሠረት ያስተካክላሉ። ነጂውና አዘጋጁ አንድ ቋንቋ ይነጋገራሉ።

ሦስቱ መልሶች

በመንገዱ ላይ የሚሰማው አስተያየት ሲሰበሰብ ሦስት ይሆናል። የትራፊክ ፖሊሱ መልስ ሾፌሩ ነው የሚል ነው፤ ፍጥነትን፣ እንቅልፍን፣ ግዴለሽነትን ይጠቅሳል። የሾፌሮች መልስ መኪናውና መንገዱ ነው የሚል ነው፤ ያረጀ መኪና፣ ከመጠን ያለፈ ጭነት፣ መከለያ የሌለው ገደል። የባለንብረቱ መልስ ደግሞ ገበያው ነው የሚል ነው፤ ባሌስትራ ካልተጨመረ፣ ካልተጫነ፣ ከሰቆጣ ባዶ ከተመለሰ ጉዞው ነዳጁን አይሸፍንም። ሦስቱም ከእውነቱ ድርሻ አላቸው።

ሲሙሌተሩ ግን ሦስቱ ሳይለዩ የሚያልፉትን አንድ ነገር ገልጦ ያሳያል። ስክሪን ፊት የተቀመጠ ሰው መኪናውን ያዘጋጀውም፣ የሚነዳውም እሱ ነው። ኋላው ቢሸሽ ወዲያው ተመልሶ ሞላውን ያላላል። ከሰቆጣ መናኸሪያ በሚነሳ መኪና ግን እነዚህ ውሳኔዎች በተለያየ ሰው እጅ ናቸው። ባሌስትራውን ያስጨመረው ባለንብረቱ ነው፤ ዘንጓን ሳያስተካክል የመለሰው መካኒኩ ነው፤ ኩንታሉን ከላይ የደረደሩት ጫኞች ናቸው፤ ስንት ኩንታል ይጫን ያለው ነጋዴው ነው። ሾፌሩ የመኪናውን የአቅም ጫፍ ሳያውቅ ይረከባል፤ ጫፉን ሲነካ ግን በመዝገብ የሚጻፈው የእሱ ስም ብቻ ነው። አነዳዱ ለውጥ እንደሚያመጣ ጥርጥር የለውም፤ 40 የገባበትን ኩርባ በ30 ቢገባ ኖሮ ይተርፍ ነበር። ነገር ግን ለዚያ ስህተት የሚበቃ ትርፍ ከመኪናው ላይ አስቀድሞ የነጠቁት ሌሎች ናቸው። ስህተት የማይሠራ ሰው የለም፤ ጥሩ አዘገጃጀት ማለት የሰው ስህተት የሰው ሕይወት እንዳይበላ የሚያደርግ ትርፍ አቅም ነው።

ይህ ለዋግ ከሌላው በተለየ ይከብዳል። አካባቢው ድርቅ የሚመላለስበት ነው፤ በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. በ2030 ለማስቆም የገባው ቃል የሰቆጣን ስም ይዞ የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። አልሚ ምግቡ፣ ዘሩ፣ መድኃኒቱ የሚመጣው በዚሁ መንገድ፣ በእነዚሁ መኪኖች ነው። አንድ መኪና ሲገለበጥ የሚጠፋው የሾፌሩና የረዳቱ ሕይወት ብቻ አይደለም፤ ከኋላው የሚጠብቅ ሕዝብ አለ።

ቀጣዩ መኪና፣ ቀጣዩ ሥራ

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ አዲስ ጥያቄ ይዞ መጥቷል። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው ከወለሉ ሥር ስለሆነ የክብደት ማዕከሉ ዝቅ ያለ ነው፤ ቁልቁለት ሲወርድም ሞተሩ ኃይሉን መልሶ ወደ ባትሪ ያስገባል፤ ለግራካሱ ዓይነት መንገድ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚመለሰውን ኃይል መቀበል አይችልም፤ ኮረም ላይ ሙሉ ቻርጅ አድርጎ ቁልቁል የሚወርድ ሰው መጀመሪያ ላይ የተማመነበት ፍሬን ላያገኝ ይችላል። ባትሪውን ጥቂት አጉድሎ መውረድ ከአሁኑ በሥልጠና መግባት ያለበት አዲስ የአዘገጃጀት ደንብ ነው።

ለዛሬዎቹ መኪኖች ግን ሥራው ከመናኸሪያው ይጀምራል። የማሽከርከር ማሠልጠኛዎች ከምልክትና ከሕግ ጎን ለጎን ጭነት የመኪናን ጠባይ እንዴት እንደሚለውጥ ማስተማር አለባቸው፤ አንድ መሪና አንድ ኮምፒውተር ያለበት የሲሙሌተር ክፍል ያንኑ ኩርባ በከፍተኛና በዝቅተኛ ጭነት አስነድቶ ልዩነቱን በአንድ ሰዓት ሊያሳይ ይችላል፤ ማንም ሳይሞት። ጋራዦች ባሌስትራ ሲጨምሩ የፍሬን ዘንጓን ማስተካከልን የሥራው አካል ማድረግ አለባቸው። የአደጋ መርማሪዎች መዝገባቸው ላይ ከሾፌሩ ፍጥነት ጎን የጭነቱን ክብደትና አደራደር፣ የጎማውን ንፋስና ጥርስ፣ የፍሬን ዘይቱን ሁኔታ መጻፍ አለባቸው፤ ያልተጻፈ ምክንያት አይታረምም። ከሁሉ በላይ ሾፌሩ ጭነቱን አይቶ «በዚህ ሁኔታ አልነሳም» የማለት መብት በሕግም በደሞዙም ሊጠበቅለት ይገባል። መሪውን የሚይዘው እሱ ነው፤ ሲጫንም ቃሉ መሰማት አለበት።